የጓሮ ተክልና የግቢ ውሻ

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ ግቢ በቅንጭብ ይታጠራል፣ ጉሎ በየጥጉ ይበቅላል፣ ከጓሮ በሶብላ አይጠፋም። ግቢውን ሌሊት ከጅብ የሚጠብቀው ደግሞ ውሻ ነው። ባለቤቶች ውሻቸውን የትኛው ተክል እንደሚጎዳው ሲጠይቁ ብዙ ጊዜ አጥሩን ያሳያሉ። እኔ ግን አስቀድሜ የምፈራው ሽንኩርትን ነው።

የራያ ቆላ የሽንኩርት አገር ሆኗል፤ በቆቦ ጊራና ሸለቆ በከርሰ ምድር ውሃ እየለማ ይመረታል። በሽንኩርት ውስጥ ያሉት የድኝ ውህዶች የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ። በአንድ ጊዜ ከክብደቱ 0.5 በመቶ የሚበልጥ ሽንኩርት የበላ ውሻ ለአደጋ ይጋለጣል። 20 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ ይህ 100 ግራም ነው፤ አንድ መካከለኛ ራስ ሽንኩርት ማለት ነው። ቢቁላላም ቢደርቅም መርዙ አይጠፋም። ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ መደብ ላይ ከበቀለው ይልቅ በትራፊ ወጥ ውስጥ የሚደፋለት ያሰጋኛል። ለአንድ ዶሮ ወጥ ስንት ራስ ሽንኩርት እንደሚከተፍ ታውቃላችሁ፤ የበዓል ማግስት ትራፊ ምን ያህል ሽንኩርት እንደሚይዝ ከዚያ ገምቱ። በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መብላቱም ይጎዳዋል። ክፋቱ ሕመሙ ቶሎ አይታይም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ውሻው ይዝላል፣ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፤ ያኔ ወጡን የሚያስታውስ የለም።

ጉሎም በቀላሉ አይታይ። ለምጣድ ማሰሻ የሚሆነው ያ ዥንጉርጉር ፍሬ ሪሲን የሚባል ኃይለኛ መርዝ አለው። ሳይታኘክ ከተዋጠ ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ እንዳለ ሊወጣ ይችላል። ከተሰበረ ግን ትውከትና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ያመጣል፤ ማርከሻም የለውም። ጉሎ የወቀጣችሁበትን ቦታ ጠርጋችሁ ጥራጊውን ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ቅበሩት።

ቅንጭብ ሲመለመል የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ አፍና ዓይን ያቃጥላል። የውሻው ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡት፣ እናንተም እጃችሁን ታጠቡ። በሶብላ፣ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠልና ጽጌረዳ አያሳስቧችሁ። የበሰለ ቲማቲምም ችግር የለውም፤ ቅጠሉና ጥሬው ግን ሆድ ይረብሻል።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ቅንጭብ የነካ ውሻ ለሃጩን ያዝረበርባል፤ ይህ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክትም ነው። ሁለቱን በዓይን ብቻ መለየት አይቻልምና፣ የሚያዝረበርብ ውሻ አፍ ውስጥ እጃችሁን አትክተቱ። ልጆችን አርቁ፣ ውሻው የሚታሰር ከሆነ ከሩቅ እሰሩት፣ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ተክል ማኘኩን ካያችሁ ቅጠሉን ወይም ፍሬውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ በተሻለ የሚያክመው ምን እንደበላ ሲያውቅ ነው። በራሳችሁ አታስታውኩት፤ የሚያቃጥል ፈሳሽ ከሆነ ሲመለስ ጉሮሮውን ዳግመኛ ይልጠዋል። ወተት መጋትም የጉሎን መርዝ አያረክስም።

ለውሻችሁ ሥጋ ልትሰጡት ካሰባችሁ ቁሌቱ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ድርሻውን ለይታችሁ፣ ያለ ሽንኩርት ቀቅላችሁ ስጡት።