የግል ተወዳዳሪ በሜይን

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ የምትገኘው ሜይን በግል ተወዳዳሪ አትደነግጥም። ጄምስ ሎንግሊ በ1974፣ አንገስ ኪንግ ደግሞ በ1994 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሁለቱም ዋና ፓርቲዎች፣ ከሪፐብሊካንም ከዲሞክራትም፣ ሳይወግኑ አገረ ገዥ ሆነው ተመርጠውባታል።

በሌላው አሜሪካ ይህ ብርቅ ነው። በአብዛኛው ስፍራ የሚያሸንፈው ከተፎካካሪዎቹ በአንድ ድምፅም ቢሆን የበለጠ ነው፤ ግማሹን ማለፍ አይጠበቅበትም። የእኛም አገር የፓርላማ ምርጫ በዚሁ ደንብ ይሄዳል። መራጩ ታዲያ ልቡ የወደደውን ትቶ፣ የሚፈራውን ሰው ያስቆምልኛል ላለው ድምፁን ይሰጣል። ለፕሬዚዳንትነት ሲሆን ደግሞ ድምፁ የት እንደተገኘ ይወስናል። የቴክሳሱ ባለሀብት ሮስ ፔሮ በ1992 ከመራጩ 19 በመቶ ያህሉ ቢደግፋቸውም፣ ድጋፉ በየግዛቱ ስለተበተነ፣ በአብዛኛው የየግዛቱ አሸናፊ ከሚወስዳቸው 538 የኤሌክቶራል ድምፆች አንዲት አልደረሳቸውም። በ1968 የሦስተኛ ፓርቲ ዕጩው ጆርጅ ዋላስ 13.5 በመቶ ብቻ አግኝተው 46 ወስደዋል፤ ደጋፊያቸው ደቡብ ላይ ተከማችቶ ነበርና።

ሪፐብሊካኖች በ1992 በዲሞክራቱ ክሊንተን ስለተሸነፉት ፕሬዚዳንታቸው «ቡሽን የጣለው ፔሮ ነው» ሲሉ ኖረዋል። ከምርጫ ጣቢያ ሲወጡ የተጠየቁ የፔሮ መራጮች ግን፣ እሳቸው ባይኖሩ ለቡሽና ለክሊንተን እኩል ለእኩል ሊከፈሉ እንደሚችሉ ነበር የተናገሩት። የሚበልጠው አሻራቸው የበጀት ጉድለትን የምርጫው ዋና አጀንዳ ማድረጋቸው ይመስለኛል።

ወደ ሜይን እንመለስ። በ2010 ሪፐብሊካኑ ፖል ለፔጅ 38 በመቶ እንኳ ሳይሞላላቸው አገረ ገዥ ሆኑ። የግል ተወዳዳሪው ኤሊየት ከትለር 36 በመቶ ገደማ ነበራቸው፤ የዲሞክራቷ ዕጩ ከ20 በታች ወርደዋል። እዚህ ላይ ድምፅ ከፋፋይ ማን ነው? ሁልጊዜ ጣት የሚቀሰረው በግል ተወዳዳሪው ላይ ነው፤ በዚያ ዓመት ግን ለፓርቲዋ ዕጩ ነበር የሚስማማው።

እንዲህ ያለው ውጤት ቁጣ ቀስቅሶ፣ በ2016 የሜይን መራጮች በሕዝበ ውሳኔ ቆጠራውን ለወጡ። መራጩ ተወዳዳሪዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ እያለ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። ግማሹን ያለፈ ከሌለ መጨረሻ የሆነው ይወጣና የእሱ መራጮች ድምፅ ወደ ሁለተኛ ምርጫቸው ይተላለፋል። በ2018 ለኮንግረስ በተደረገ ውድድር ሪፐብሊካኑ ብሩስ ፖሊኩዊን በመጀመሪያው ቆጠራ በ2,000 ያህል ድምፅ መርተው ነበር። የሁለት የግል ተወዳዳሪዎች ድምፅ ሲከፋፈል ዲሞክራቱ ጃሬድ ጎልደን አለፏቸው። ፖሊኩዊን ፍርድ ቤት ሄዱ፤ አልተሳካላቸውም።

ቁጣውን የቀሰቀሰው የአገረ ገዥው ምርጫ ግን ከአዲሱ ቆጠራ ውጭ ቀረ። የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ብልጫ ድምፅ ይበቃል ስለሚል፣ ዳኞቿ በ2017 አዲሱ ደንብ ከእሱ ጋር እንደሚጋጭ አስተያየት ሰጡ።