ዒድ በወዳጅ ቤት፦ ይሉኝታ ሲጎዳ



ዒድ ሲነሳ ለአብዛኞቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን ቤተሰብ ነው። እናት ከሌሊት ጀምሮ ጓዳ ስትል፣ ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው ተክቢራ እያሉ ሲወጡ፣ አባት ከሰላት መልስ በጉን ሲያርድ ይታየናል። ይሁን እንጂ ሥራ፣ ንግድ፣ ትምህርት ወይም ሕክምና ከቤት አርቆን ዒድን በጓደኛ ቤት የምናሳልፍበት ጊዜ አለ። አልሐምዱሊላህ፣ የሙስሊም ቤት ለመንገደኛ ክፍት ነው። በዒድ ቀን እንግዳ የመጣለት ቤት ደግሞ ደስታው እጥፍ ነው። በዚህ ወር ላነሳላችሁ የፈለግሁት ግን በዚህ ደስታ መሐል ሳይታሰብ ስለሚመጣ አንድ የጤና አደጋ ነው። ጉዳዩ በተለይ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ወንድሞችንና እህቶችን፣ እንዲሁም እነርሱን ተቀብለው የሚያስተናግዱ ቤተሰቦችን ይመለከታል።

ድሬዳዋ ላይ ያየሁት

በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ለሥራ ወደ ድሬዳዋ ሄጄ ነበር። ሥራው በጊዜው ስላላለቀ ወደ አዲስ አበባ ሳልመለስ አረፋ ደረሰና በዓሉን መድረሳ አብራኝ በቀራች ጓደኛዬ ቤት አሳለፍኩ። እንግዳዋ እኔ ብቻ አልነበርኩም። የባለቤቷ የንግድ ወዳጅ የሆኑ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንድ የደሴ አባት ዕቃ ጭነው መጥተው መኪናቸው ስለተበላሸ እርሳቸውም ዒዱ እዚያው ደርሶባቸው ነበር። ማታ ቡና ላይ ሥራዬን ሲጠይቁኝ ፋርማሲስት መሆኔን ነገርኳቸው። «እንግዲያው ነገ ስለ መድኃኒት እጠይቅሻለሁ» ብለው ሳቁ። እኔም ስቄ ዝም አልኩ።

በማግስቱ ሁላችንም ወደ መስገጃው ሜዳ ሄደን ወደ 3 ሰዓት ተኩል ግድም ተመለስን። ወንዶቹ ወደ እርዱ፣ እኛም ወደ ጓዳ ገባን። 5 ሰዓት ሲሆን የጓደኛዬ ትንሽ ልጅ እየሮጠ መጥቶ «እንግዳው አባባ ያልባቸዋል፤ ስናናግራቸውም አይመልሱም» አለን። ስንደርስ ሸሚዛቸው በላብ ርሷል፣ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸው ያያል ግን ያስተዋለ አይመስልም። ሰዉ የድሬዳዋ ሙቀት ነው ብሎ ማራገቢያ አምጥቶላቸዋል። እኔ ግን «አባባ፣ የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ?» ብዬ ስጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠን ቀስ እያሉ እንዲጠጡ አደረግን። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ላቡ ቆመ፣ ንግግራቸውም ተመለሰ። ከዚያ ዳቦ በሻይ አበላናቸው።

ሲረጋጉ የነገሩን እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። ኢንሱሊናቸውን እንደወትሮው ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ወግተዋል። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉም ሳይበላ በሰው ቤት «ቁርስ ስጡኝ» ማለት አሳፈራቸው። «ቤቴ ብሆን ባለቤቴ ሳልቀምስ ከደጅ አታስወጣኝም ነበር። እዚህ ግን የሰዉን ዒድ ላበላሽ ሆነብኝ» አሉ። እኔም ማታ አንድ ጥያቄ ብጠይቃቸው ኖሮ ይህ ባልደረሰ ነበር ብዬ አዘንኩ።

ለምን ደረሰ?

ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ሰውነት ሕዋሳት እንዲገባ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። በአገራችን በብዛት የሚታዘዙት ዓይነቶች ከተወጉ በኋላ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሥራቸውን ይጀምራሉ፤ ምግብ ተበላም አልተበላም ይሠራሉ። ምግብ ካልገባ በደም ውስጥ ያለው ስኳር እየወረደ ይሄዳል። መጠኑ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲሆን የስኳር ማነስ ይባላል። አእምሮ ዋናው ምግቡ ስኳር ስለሆነ ግራ መጋባት፣ መነጫነጭ፣ ከዚያም ራስን መሳት ይከተላል። እንደ ግሊቤንክላማይድና ግሊሜፕራይድ ያሉ እንክብሎችም ተመሳሳይ ችግር ሊያስከትሉ ይችላሉ። ሜትፎርሚን ብቻውን ሲወሰድ ግን ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንዴ ነው።

የአረፋ ጠዋት ለዚህ ችግር የተመቻቸ ነው። በዒድ አልፈጥር ሱናው ወደ ሰላት ከመውጣት በፊት ተምር መቅመስ ሲሆን፣ በአረፋ ግን ከሰላት መልስ ከኡድሒያው እስኪበላ መቆየት ነው። ሰላቱ፣ ኹጥባው፣ ዘመድ ጥየቃው፣ እርዱና ብልት ማውጣቱ ሲደመር ምግብ የሚቀርበው ቀትር ላይ ሊሆን ይችላል። በቤታችን ሕመማችንን የሚያውቅ ሰው አለ። በወዳጅ ቤት ግን ካልተናገርን ማንም አያውቅልንም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። በአረፋ ጠዋት ምግብ ማቆየት የተወደደ ሱና እንጂ ግዴታ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ) ለታመመ ሰው በረመዳን እንኳ ጾምን እንዲያፈርስ ፈቅዷል፤ በዒድ ቀን ደግሞ መጾሙም ክልክል ነው። ስለዚህ ሕመምተኛ ቁርሱን በልቶ ወደ ሰላት ቢወጣ የሚያሳፍረው ነገር የለም።

ከመነሳታችሁ በፊት

1. ወደ ጉዞ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማችሁን «በዒድ ጠዋት መድኃኒቴን መቼ ልውሰድ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከምግብ ጋር የሚወሰድ ኢንሱሊን አለ፤ ከምግብ ሰዓት ጋር ሳይያያዝ የሚወሰድም አለ። መጠኑን በራሳችሁ አትቀይሩ። በተለይ ኢንሱሊንን «ዛሬ ስለማልበላ» ብሎ ጨርሶ መተው ለከፋ አደጋ ያጋልጣል።

2. መድኃኒቱን ለቆይታችሁ ከሚበቃው በላይ ለጥቂት ቀናት ጨምራችሁ ያዙ። እንደ እኒያ አባት መኪና ሊበላሽ ይችላል። በዓል ስለሆነ ደግሞ መድኃኒት ቤቶች ሊዘጉ ይችላሉ።

3. የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና የምትወስዱበትን ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ከነማዘዣው ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። «ነጩ ክኒን» ማለት በሰው አገር ላለ ሐኪም አይጠቅመውም።

በመንገድ ላይ

መድኃኒት ከእጅ ቦርሳ አይለይ። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ወይም በዕቃ መጫኛ የተቀመጠ ኢንሱሊን ይሞቃል፤ በአውሮፕላን ዕቃ ክፍል ደግሞ ሊቀዘቅዝ ይችላል። ሁለቱም ያበላሹታል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ አዋሽን አልፎ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ከደጋ ወደ ቆላ እንደሚገባ አይርሳ። መጠቀም ያልተጀመረ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይቀመጣል። የተከፈተው ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በማያልፍ ቦታ ከሆነ አብዛኛው ዓይነት እስከ 4 ሳምንት ያገለግላል። ለመንገድ አፈ ሰፊ ፔርሙስ ይበቃል፤ በረዶ ከገባበት ግን ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልሉት፣ በረዶውን እንዳይነካ። አንድ ጊዜ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢሟሟም አይወሰድም።

የደም ግፊት ሕመምተኞች ደግሞ ሽንት የሚያበዛውን ክኒን «መንገድ ላይ ያስቸግረኛል» ብላችሁ አትተዉት። የምትወስዱበትን ሰዓት ለጉዞው ቀን ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሐኪማችሁን ጠይቁ። አንድ ጊዜ ከዘለላችሁም በቀጣዩ እጥፍ አድርጋችሁ አትውሰዱ።

በወዳጅ ቤት

በመጀመሪያው ምሽት ለባለቤቱ ወይም ለባለቤቷ ንገሩ። ንግግሩ ረጅም መሆን የለበትም። «የስኳር መድኃኒት እወስዳለሁ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ትንሽ ቁርስ ያስፈልገኛል፤ ይቺን ብልቃጥ ፍሪጅ አስቀምጡልኝ» ማለት ይበቃል። ብልቃጡ የሚቀመጠው በረዶ ከሚሠራበት ክፍል ርቆ ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ስኳር ወይም ከረሜላ አይጥፋ።

ሙሸበኩና ሐልዋው፣ ለስላሳውና ሩዙ በየቤቱ ሲቀርብ እምቢ ማለት ይከብዳል። ከሁሉም በጥቂቱ ቀምሳችሁ «አላህ ይጨምርላችሁ» ብላችሁ ሰሃኑን መመለስ ነውር አይደለም። ግፊት ያለባችሁ ከጮማና ጨው ከበዛበት ተቆጠቡ። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግም እወቁ።

እንግዳ ለምትቀበሉ

የእንግዳ ክብር በምግብ ብዛት ብቻ አይለካም። እንግዳችሁን ለብቻው ጠጋ ብላችሁ «የሚወስዱት መድኃኒት አለ? የሚበሉበት ሰዓትስ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይሉኝታ ያለበት ሰው ሳይጠየቅ አይናገርምና።

እንግዳችሁ ድንገት ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ስኳር በውሃ ወይም ግማሽ ብርጭቆ ለስላሳ ስጡት፤ ስኳር የሌለበት ለስላሳ አይረዳም። 15 ደቂቃ ጠብቃችሁ ካልተሻለው ድገሙት። ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን ወደ አፉ ምንም እንዳትጨምሩ፤ ወደ ትንፋሽ ቧንቧው ገብቶ ሊያንቀው ይችላል። በጎኑ አስተኝታችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

እኒያ የደሴ አባት የዚያን ዕለት ምሳቸውን ከሰው ጋር እየሳቁ በሉ። ጓደኛዬም በማግስቱ ከፈጅር በኋላ፣ ማንም ሳይነሳ፣ ሻይና ዳቦ በትሪ አድርጋ ላከችላቸው። ትሪውን ያደረሰው ያው ትንሽ ልጅ ነበር፤ «አባባ፣ መጀመሪያ ይብሉ» ሲላቸው ሰምቻለሁ።

አላህ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፣ መንገደኞቻችንን በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።