የአፍሪካ የዱር አህያና የአፋር በረሃ

የአፍሪካ የዱር አህያ ከፈረስ፣ ከሜዳ አህያና ከእስያ የዱር አህዮች ጋር በአንድ አስተኔ የሚመደብ ሲሆን፣ በዱር ከሚኖሩት የጋማ ከብቶች ሁሉ ቁጥሩ እጅግ የተመናመነው እሱ ነው። የዘር ውርስ ጥናቶች እንደሚያመለክቱት፣ ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት በምሥራቅ አፍሪካ ለማዳው አህያ የተገኘው ከዚህ እንስሳ ነው። ለማዳው ዝርያ ዛሬ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች ሲቆጠርና ኢትዮጵያም ብዙ አህያ ካላቸው አገሮች በግንባር ቀደምትነት ስትጠቀስ፣ የዱሩ ወገን ግን በኢትዮጵያና በኤርትራ በሚገኘው የደንከል በረሃ በተቆራረጡ ጥቂት ሥፍራዎች ብቻ ተወስኗል። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በቀይ መዝገቡ ላይ «በከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ላይ ያለ» ሲል የመደበው ሲሆን፣ ይህ አንድ ዝርያ ከዱር ጨርሶ ጠፋ ከመባሉ በፊት የሚሰጠው የመጨረሻው ደረጃ ነው። ኅብረቱ ባቀረበው ግምት መሠረት ለአካለ መጠን የደረሱትና ለመራባት የበቁት አህዮች ቁጥር ከ200 አይበልጥም።

ዝርያው በሁለት ንዑስ ዝርያዎች ይከፈላል። የመጀመሪያው በሱዳንና በሰሜናዊ ኤርትራ ይኖር የነበረው የኑቢያ የዱር አህያ ሲሆን፣ በትከሻው ላይ ባለው የመስቀል ቅርጽ ይታወቅ የነበረውና ለረጅም ዘመን መኖሩ በእርግጠኝነት ሳይረጋገጥ የቆየው ይህ ወገን ምናልባትም ጠፍቷል ተብሎ ይገመታል። ሁለተኛው የሶማሌ የዱር አህያ ሲሆን፣ በደንከል የቀረው ይኸው ነው። ቆዳው ፈዘዝ ያለ ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ፣ ጋማው አጭርና ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፤ ከሁሉም ይልቅ የሚለዩት ግን እንደ ሜዳ አህያ እግሮቹን አግድም የከበቡት ጥቁር መስመሮች ናቸው። ሰኮናው ከሌሎቹ የጋማ ከብቶች ሰኮና የጠበበ በመሆኑ፣ ስለታም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ በሞላበት ተዳፋት ላይ ሳይደናቀፍ ለመሄድ ያስችለዋል።

የደንከል በረሃ በምድር ላይ ሙቀት ከሚበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ሲሆን፣ በአብዛኛው ክፍሉ የዓመቱ ዝናብ ከ200 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። የዱር አህያ ይህን የሚቋቋመው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የባሕርይ መላ ነው፤ ፀሐይ በምትበረታባቸው ሰዓታት በቋጥኝና በቁጥቋጦ ጥላ ሥር ቆይቶ፣ ግጦሹንና ጉዞውን በአመሻሽ፣ በሌሊትና በማለዳ ያከናውናል። ሁለተኛው የሰውነቱ ብቃት ሲሆን፣ በለማዳ አህዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ አህያ ከክብደቱ 30 በመቶ ያህል ውሃ ቢያጣ እንኳ በሕይወት ሊቆይ፣ ውሃ ሲያገኝም የጎደለውን በደቂቃዎች ውስጥ ጠጥቶ ሊተካ ይችላል። ሆኖም ይህ ብቃት ውሃን ከመፈለግ ነፃ አያወጣውም፤ የዱር አህዮች በአብዛኛው የሚገኙት ከውሃ 30 ኪሎ ሜትር በማይርቅ ክልል ውስጥ ነው።

የማኅበራዊ ኑሯቸው አወቃቀርም የዚሁ የበረሃ ሕይወት ውጤት ነው። ምግብ በተበታተነበት ምድር ትልቅ መንጋ ይዞ መኖር ስለማይቻል፣ በመካከላቸው የሚጸናው ብቸኛ ትስስር የእናትና የውርንጭላ ሲሆን፣ ሌሎቹ ዝናብ ጥሎ ሣር ሲበቅል ለጊዜው ተሰባስበው ድርቅ ሲመጣ ይለያያሉ። ጎልማሳው ወንድ ከ20 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ሊሰፋ የሚችል ግዛት ይይዛል፤ ወሰኑንም በተወሰኑ ቦታዎች ላይ እየደጋገመ ፋንድያውን በመከመር ያመለክታል። ሴቷ አንድ ዓመት ያህል አርግዛ አንድ ውርንጭላ ብቻ ስለምትወልድ፣ የተመናመነ ቁጥር ፈጥኖ አያገግምም። በተለይ አስጊ የሆነው የማጥባት ወቅት ነው፤ የምታጠባ እናት ውሃን ከሌሎቹ ይልቅ አዘውትራ መጠጣት ስላለባት ከምንጮችና ከኩሬዎች ብዙም ልትርቅ አትችልም፤ በበጋ የሰዎች ሰፈርና የቤት ከብት መንጋ የሚከማቹት ደግሞ በእነዚሁ ቦታዎች ነው።

የእንስሳው ሕልውና ከበረሃው ዕፅዋት ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። የዱር አህያ በዋነኛነት ሣር የሚግጥ ቢሆንም፣ ሣሩ ሲያልቅ የቁጥቋጦ ቅጠል ይቀነጥባል። ከዚህም በላይ በበረሃ ሣሩ ራሱ የሚጠበቀው በግራርና በቁጥቋጦ ነው፤ ጥላቸው የአፈሩን ሙቀት ይቀንሳል፣ የሚረግፈው ቅጠላቸው አፈሩን ያዳብራል፣ ግንዳቸውም በነፋስና በጎርፍ የሚጓዘውን ዘርና ደለል ይይዛል፤ በዚህም የተነሳ በራቁት ምድር ላይ በየዛፉ ሥር ትንንሽ ለም መሬቶች ይፈጠራሉ። የአፋር አርብቶ አደሮች ይህን ጥቅም ስለሚያውቁ፣ መድዓ የተባለው ባህላዊ ሕጋቸው እርጥብ ዛፍ መቁረጥን ይከለክላል። ከእነዚህ ዕፅዋት መካከል የጥርስ መፋቂያ የሚገኝበት ሳልቫዶራ እንዲሁም አፋሮች ገርሳ የሚሉት ዶቤራ ይጠቀሳሉ፤ ሁልጊዜም ለምለም የሆነው ገርሳ በክፉ ዘመን ፍሬው ለሰው ምግብ ስለሚሆን፣ የፍሬው መብዛትም የድርቅ ምልክት ተደርጎ ስለሚወሰድ ልዩ ቦታ ይሰጠዋል።

ይህን የዕፅዋት ሥርዓት ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚያናጋው ፕሮሶፒስ የተባለው መጤ ወራሪ ዛፍ ነው። መነሻው መካከለኛውና ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ በረሃማነትን ለመከላከል በሚል በደርግ ዘመን ወደ አፋር ስለገባ በአካባቢው ደርጊ ሐራ፣ ማለትም የደርግ ዛፍ፣ ይባላል። ከብቶችና ፍየሎች ጣፋጭ ፍሬውን ሲበሉ ጠንካራው ዘር በሆዳቸው ሳይፈጭ ያልፍና ከእበትና ከበጠጥ ጋር ይወጣል፤ በዚያ እርጥበትና ማዳበሪያ ላይም በቀላሉ ይበቅላል። በዚህ መንገድ ከብት በተነዳበት መስመር ሁሉ እየተዛመተ በአፋር ክልል ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይዟል። ጥቅጥቅ ብሎ በበቀለበት ቦታ ግራሩንና ሣሩን ስለሚተካ፣ አርብቶ አደሩ የአዋሽን ዳርቻ ግጦሽ አጥቶ መንጋውን ራቅ ወዳሉትና ለዱር እንስሳት ቀርተው ወደነበሩት ደረቅ ሜዳዎች ለመንዳት ይገደዳል።

ከግጦሽና ከውሃ ሽሚያ በተጨማሪ ሁለት ቀጥተኛ አደጋዎች አሉ። አንደኛው አደን ሲሆን፣ እንስሳው ለሥጋውና ከአካሉ ይገኛል ለሚባለው የባህል መድኃኒት ሲል ይገደላል፤ የጦር መሣሪያ በበዛበት አካባቢ ደግሞ ጥቂት ጥይቶች የአንድን ሥፍራ ትውልድ ሊያጠፉ ይችላሉ። ሁለተኛው ከለማዳ አህዮች ጋር መዳቀል ነው፤ በግጦሽና በውሃ ቦታ ሁለቱ ሲገናኙ የሚወለደው ድቅል፣ እንስሳው ባይሞት እንኳ የዱሩን ዘር ልዩ ባሕርይ ቀስ በቀስ ያደበዝዘዋል።

ኢትዮጵያ ይህን እንስሳ ለመጠበቅ የሚሌ–ሰርዶ የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራንና ከ4,700 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት ያለውን የያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክ በ1970ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት ከልላለች። ነገር ግን ፓርኩ በአፋሮችና በኢሳዎች መካከል ግጭት በተደጋጋሚ በሚነሳበት፣ ብዙ መንጋ በሚሰማራበትና ዋና የመኪና መንገድ በሚያቋርጠው ምድር ላይ በመሆኑ፣ የተቋቋመለት እንስሳ በውስጡ ሊጸና አልቻለም። ከእ.ኤ.አ. 1994 ጀምሮ ተመራማሪዋ ፓትሪሻ ሞልማንና ኢትዮጵያዊው ባለሙያ ፋኑኤል ከበደ ያካሄዷቸው ቆጠራዎች እንደሚያሳዩት፣ በኢትዮጵያ ያለው የዱር አህያ ከ1970ዎቹ ወዲህ ከ90 በመቶ በላይ ቀንሶ፣ በ100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ላይ አንድ እንኳ የማይገኝበት ደረጃ ደርሷል። በአንጻሩ በኤርትራ መሲር አምባ፣ የአፋር አርብቶ አደሮች እንስሳውን ያለመግደል ልማድ ባላቸው ሥፍራ፣ በተመሳሳይ ስፋት ላይ 47 ያህል አህዮች ተመዝግበዋል። በሁለቱም ሥፍራ የሚኖረው ሕዝብ አፋር፣ በሁለቱም ምድሩ ድርቅ የሚያጠቃው በመሆኑ፣ በካርታ ላይ የተሰመረ ወሰን ብቻውን ለእንስሳው ዋስትና እንደማይሆን፣ የነዋሪው ፈቃድና ሰላም ግን እንደሚሆነው ከዚህ ንጽጽር መረዳት ይቻላል።

ከበረሃው ውጭ በስዊዘርላንድ የሚገኘው የባዝል የአራዊት ማቆያ ዓለም አቀፍ የትውልድ መዝገቡን ይይዛል፤ በእስራኤል ደቡብ ዮትቫታ ባለው የበረሃ እንስሳት ጥብቅ ሥፍራም የሶማሌ የዱር አህያ ይራባል። ይህ የዘር መጠባበቂያ እንጂ የበረሃው ሕይወት ምትክ ሊሆን አይችልም፤ በማቆያ የተወለደ አህያ መመለሻ ምድር ከሌለው የሚኖረው ከመዝገብ ባለፈ አይደለም። ስለዚህ በደንከል የሚደረገው ጥበቃ ከአርብቶ አደሩ ኑሮ ጋር አብሮ መታቀድ አለበት፦ ፕሮሶፒስን ከግጦሽ መሬት ማጽዳት፣ ለቤት ከብት የሚሆን ውሃ የምታጠባ የዱር አህያ ከምትጠጣባቸው ምንጮች ርቆ እንዲዘጋጅ ማድረግ፣ ስካውቶችን ከነዋሪው መካከል መርጦ በቂ ደመወዝ መክፈል፣ መድዓ ዛፉን እንደሚጠብቅ ሁሉ በጎሳ መሪዎች ስምምነት አህያውንም እንዲጠብቅ ማድረግ ይገባል። አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ስለ ዝናብ፣ ስለ ግጦሽና ስለ መንጋ ወሬ የሚለዋወጡበት ዳጉም፣ ስለ አህዮቹ መገኛና ስለ አዳኞች እንቅስቃሴ ፈጣን መረጃ ሊያስገኝ የሚችል ሀብት ነው። የዱር አህያውን ያቆየው ግጦሽ የአርብቶ አደሩን ፍየልና ግመል የሚያቆየው ግጦሽ ራሱ በመሆኑ፣ ለአንዱ የሚወጣው ወጪ ሌላውን የሚጠቅም ነው፤ ለአህያው የቀረው ጊዜ ግን ከአርብቶ አደሩ ጊዜ እጅግ ያጠረ ነው።