የሚያኮርፍ ጓደኛ

ከስናን፣ ከማቻከል፣ ከአነደድና ከጎዛምን ገጠሮች ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ወደ ደብረ ማርቆስ የሚመጡ ብዙ ልጆች ከቤተሰባቸው የሚለዩት ገና በ15 እና በ16 ዓመታቸው ነው። ሁለት ሦስት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራያሉ፤ ኪራይ ይካፈላሉ፣ ወጥ በየተራ ይሠራሉ። ስንቁ የገበያ ቀን ጠብቆ ይመጣል። እንጀራው፣ በሶውና ሽሮው በማዳበሪያ ከረጢት ታስሮ በአህያ ጀርባ ወይም በአባት ትከሻ ይደርሳል።

በዚያች ክፍል ውስጥ ከመምህር የማይገኝ ትምህርት አለ። ውኃ የመቅዳት ተራው ደርሶ የተኛ ጓደኛ ያናድዳል። የአንዱ ስንቅ ቀድሞ ሲያልቅ ሌላው የራሱን ማካፈል አለበት። ሲጣሉ መሸሻ ስለሌለ ተኳርፈው አንድ ፍራሽ ላይ ያድራሉ፤ ሲነጋም አንዳቸው ቀድሞ አፉን መክፈት ይኖርበታል። ይህን ደጋግሞ ያለፈ ልጅ ይቅርታ መጠየቅም፣ ይቅር ማለትም፣ «አይሆንም» ማለትም ይለምዳል።

አሁን ግን ከክፍሉ ነዋሪዎች ጋር የማይጣላ፣ ተራ የማይጠብቅና ስንቅ የማይካፈል አንድ ተጨማሪ ገብቷል፤ ስልክ ውስጥ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት።

አመጣጡ ለአካባቢው ልጆች ድንገተኛ ነበር። ቻትጂፒቲ ለዓለም የቀረበው በኅዳር 2015 ነው። ዓመት ሳይሞላው፣ በሐምሌ 2015 መጨረሻ፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀና የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ። በክልሉ የተነሣው ግጭት ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። በክልሉ ከትምህርት ገበታ የራቁት ልጆች ከ4 ሚሊዮን በላይ የደረሱበት ጊዜ ነበር። አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ጓደኛሞች ተበታተኑ፤ አንዱ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሄደ፣ ሌላው ወደ እርሻ ተመለሰ፣ ሌላዋ ተዳረች። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ሌላው ዓለም ቀስ በቀስ የለመደው ነገር እነርሱን በአንድ ጊዜ ደረሳቸው። ያውም ጓደኛ በጎደለበትና ጭንቀት በበዛበት ሰዓት።

መጀመሪያ የጠቀማቸው ለትምህርት ነው። በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት የማለፊያ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017ም 8.4 በመቶ ነበሩ። በዚህ ፍርሃት የሚያጠና ልጅ ያልገባውን የፊዚክስ ጥያቄ አሥር ጊዜ ቢጠይቀው የማይሰለች አስረጂ ቢያገኝ ማን ይነቅፈዋል? ችግሩ የሚመጣው ሌሊት ላይ፣ የፊዚክሱ ጥያቄ አልቆ ስለ ልቡ መጠየቅ ሲጀምር ነው።

ሰው ለማሽን ልቡን መክፈቱ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 የአሜሪካው ኤምአይቲ ፕሮፌሰር ጆሴፍ ዋይዘንባውም «ኤሊዛ» የተባለች ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ኤሊዛ ሰው የጻፈላትን ዓረፍተ ነገር ገልብጣ ጥያቄ ከማድረግ ያለፈ ዕውቀት አልነበራትም። የገዛ ጸሐፊው ፕሮግራሙን ሲሠራው ለወራት ስታየው የኖረች ብትሆንም፣ ከኤሊዛ ጋር ጥቂት እንደተጻጻፈች ፕሮፌሰሩን «እስኪ ክፍሉን ልቀቅልኝ» አለችው። ዋይዘንባውም ከዚያ በኋላ ዘመኑን ያሳለፈው ሰው ለማሽን እንዲህ ልቡን መክፈቱ ስላለው አደጋ ሲያስጠነቅቅ ነው።

ዛሬ ያለው ከኤሊዛ እጅግ የራቀ ነው። ኮመን ሴንስ ሚዲያ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 17 የሆኑ አሜሪካውያን ታዳጊዎችን ጠይቆ 72 በመቶዎቹ ጓደኛ መሳይ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራም ሞክረው እንደሚያውቁ አግኝቷል። ከተጠቃሚዎቹ ሲሶው ከባድ ጉዳይ ሲገጥማቸው ከሰው ይልቅ ከማሽኑ ጋር የተወያዩበት ጊዜ አለ። የሚያጽናናው፣ ከተጠቃሚዎቹ 80 በመቶው አሁንም ከእውነተኛ ጓደኞቻቸው ጋር የበለጠ ጊዜ ያሳልፋሉ። ካራክተር ኤአይ የተባለው ኩባንያ ግን የፕሮግራሙ ተጠቃሚ የነበረ የ14 ዓመት ልጇን ያጣች አንዲት የፍሎሪዳ እናት ከከሰሰችው በኋላ፣ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ዕድሜያቸው ከ18 በታች የሆኑትን ከፕሮግራሙ ገጸ ባሕርያት ጋር እንደልብ ከማውራት ከልክሏል።

ትልቁ ጉዳት ማሽኑ ክፉ በመናገሩ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እሺ ባይነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ ራሱ አንድ የፕሮግራሙ ማሻሻያ ተጠቃሚውን ከልክ በላይ ያሞግሳል ብሎ በቀናት ውስጥ መልሶታል። ከጓደኛዋ የተጣላች የ16 ዓመት ልጅ ነገሩን ለማሽን ብትነግረው የሚሰማው የእርሷን ወገን ብቻ ነው። የጓደኛዋን ፊት አያይም። «አንቺም እኮ አጥፍተሻል» ብሎ አያኮርፋትም።

ጎጃም ልጆችን በተቃራኒው መንገድ ሲያሳድግ የኖረ አገር ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅና በዲማ ጊዮርጊስ ባሉት ስመ ጥር የቅኔ ቤቶች ውስጥ ተማሪው ከወላጅ ርቆ በጎጆ ይኖራል፤ አኮፋዳውን አንግቶ ከውሻ ጋር እየታገለ የለመነውን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ይበላል። ቅኔውን ብቻውን ጥግ ይዞ ያስባል፤ ከዚያ ግን መምህሩና ባልንጀሮቹ ፊት ቆሞ ሊናገረው ግድ ነው። ሰዋስዉ ከተፋለሰ ወይም ምሥጢሩ ካልሰመረ እዚያው ይታረማል። የታረመው ልጅ በማግሥቱ ሌላ አዲስ ቅኔ ይዞ ይመለሳል። ከፍ ያለው ተማሪ ጀማሪውን ያስተምራል፤ የታመመውን የሚያስታምመውም ጎጆ የሚጋራው ባልንጀራው ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ ከእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ወጥተው በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ የተማሩት በዚህ ዓይነት ሕይወት ነው። ረኀቡና በሽታው ለማንም የሚመኙት አይደለም። በሰው ፊት መሳሳትና በሰው እጅ መታረም ግን የዛሬው ልጅም የሚያስፈልገው ነገር ነው።

ታዲያ ልጁ ወደ ማሽኑ የሚሄደው ለምንድን ነው? እዚህ ላይ አዋቂዎች እውነቱን መጋፈጥ አለባቸው። ማሽኑ አይቆጣም፣ ለጎረቤት አያወራም። ትንሽ ከተማ ውስጥ አንዲት ልጅ ስለ ወንድ ጓደኛ ብትጠይቅ ወሬው ከእርሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። በብዙ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር ልጅ ዝም ይላል፤ ስለ ፍቅርና ስለ ሰውነት ለውጥ መጠየቅም ነውር ነው። ሰሚ ያጣ ልጅ የሚሰማው ነገር ዘንድ ቢሄድ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ሊሆን አይችልም። ስልኩን ቀምቶ መደበቅም ይህን አያስተካክለውም።

የሚያስተካክለው ሰሚ ትልቅ ሰው መኖሩ ነው። ስንቅ ይዞ የመጣ አባት ከረጢቱን አስረክቦ ወደ ገበያ ከመሮጡ በፊት ግማሽ ሰዓት ቁጭ ቢል፣ ስለ ውጤት ከመጠየቁ በፊት አብረው ስለሚኖሩት ልጆች ቢጠይቅ፣ ራሱ በዚያ ዕድሜው ያፈረበትን ነገር ቢያጫውተው ልጁም ይናገራል። ለተማሪ የሚያከራዩ እናቶች ቡና ሲያፈሉ «ኑ እንጂ ልጆች» ቢሏቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ልጅ ከእኩዮቹ ጋር የሚውልበት ቦታም ያስፈልገዋል። ጳጉሜን ሲገባ የምሥራቅ ጎጃም ልጃገረዶች ተጠራርተው መስክ ወርደው እንግጫ የተባለውን ሣር ሲነቅሉ፣ እየዘፈኑ ከአደይ አበባ ጋር ሲጎነጉኑ፣ ዓይን አፋሯም ከመሐል ገብታ ትቀበላለች። እንዲህ ያለው አጋጣሚ በዓመት አንዴ ብቻ ሲሆን ያንሳል። የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ፣ የድራማና የክርክር ክበብ፣ የሰፈር ኳስ ቡድን ለልጆች ተመሳሳይ ቦታ ናቸው። የፈተና ጊዜ ሲደርስ መጀመሪያ የሚዘጉት እነርሱ መሆናቸው ያሳዝናል።

ስለ ማሽኑም ከልጆች ጋር በግልጽ መነጋገር ያስፈልጋል። የሚጽፉት ነገር በኩባንያው ኮምፒዩተር እንደሚቀመጥ፣ የሚመልስላቸው ነገር ስሜት እንደሌለው፣ ሊሳሳትም እንደሚችል ይወቁ። ቻትጂፒቲ በራሱ ደንብ ከ13 ዓመት በታች ለሆኑ አልተፈቀደም፤ እስከ 18 ዓመትም የወላጅ ፈቃድ ይጠይቃል።

ልጁ ከጓደኞቹ ጋር መብላት ካቆመ፣ ሌሊቱን ከስልክ ጋር አንግቶ ቀን ከተኛ፣ ወይም መኖር እንደሰለቸው ከተናገረ ወይም ከጻፈ ግን ጊዜ አትስጡት። አትቆጡት፣ ብቻውንም አትተዉት። ዕለቱን አጠገቡ ሁኑና በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል አብራችሁት ሂዱ።