ክሪፕቶኮከስና የሰውነት መከላከያ ኃይል

ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ ያለበት ሕሙም ለሳምንታት የዘለቀ ራስ ምታትና መጠነኛ ትኩሳት ይዞ ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ፣ አንገቱ አለመገተሩ ብቻውን የማጅራት ገትርን ጥርጣሬ ሊያስቀር አይገባም። ምክንያቱ የሚገኘው ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስ በተባለው ፈንገስና በሰውነት መከላከያ መካከል ባለው ግብግብ ነው።

ፈንገሱ በእርግብ ኩስና በአፈር ውስጥ ይኖራል፤ ወደ ሰውነት የሚገባውም በአተነፋፈስ ነው። በሳንባ ውስጥ ማክሮፋጅ የተባሉት ሴሎች ይውጡታል። በጤናማ ሰው ዘንድ ቲ ሊምፎሳይቶች ማክሮፋጆችን ስለሚያነቃቁ ፈንገሱ ይገደላል፣ አለዚያም ተከብቦ ያለ ምልክት ለዓመታት ይቆያል። ይሁን እንጂ ፈንገሱም መከላከያ አለው። ከስኳር ውሁዶች የተሠራው ወፍራም ልባሱ በቀላሉ እንዳይዋጥ ያደርገዋል፤ ሜላኒን የተባለው ቀለሙም የማክሮፋጆችን ኬሚካላዊ ጥቃት ይቋቋማል።

የሲዲ4 መጠን ከ100 በታች ሲወርድ ሚዛኑ ይዛባል። ማክሮፋጆች የዋጡትን መግደል ስለሚሳናቸው ፈንገሱ በውስጣቸው ይራባል፤ ራሳቸውም ተሸክመው ወደ አንጎል ሊያደርሱት ይችላሉ። በዚያም ፈንገሱና ከልባሱ የሚለየው ንጥረ ነገር የአንጎል ፈሳሽ ወደ ደም የሚመለስበትን መንገድ ስለሚደፍኑ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል፤ ዕይታም ሊጠፋ ይችላል። ሰውነት የሚያሳየው ብግነት አነስተኛ በመሆኑ ግን አንገት ላይገተር፣ በፈሳሹም ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች ላይበዙ ይችላሉ።

የመከላከያው ድንገተኛ ማገገምም ቢሆን አደጋ አለው። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ቶሎ ሲጀመር፣ የነቃው መከላከያ በአንጎል ውስጥ የቀረውን ፈንገስ በኃይል ስለሚያጠቃ ብርቱ ብግነት ተከትሎ ሕሙሙን ሊገድለው ይችላል። ካሳዴቫልና ፒሮፍስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 እንዳስረዱት፣ ጉዳት የሚመጣው ከተሕዋሲው ብቻ ሳይሆን ከሰውነት ምላሽ ማነስም ሆነ መብዛት ጭምር ነው።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ግልጽ ነው። ሲዲ4 ከ100 በታች የሆነ ሕሙም ሁሉ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት የክሪፕቶኮከስ አንቲጅን የደም ምርመራ ሊደረግለት ይገባል። ማጅራት ገትሩ ከተረጋገጠ ፀረ ፈንገስ ሕክምናው ሳይዘገይ ይጀመራል፤ ከፍ ያለ ግፊትም ከወገብ ፈሳሽ በመቅዳት፣ እንደ አስፈላጊነቱም በየዕለቱ በመደጋገም ይቀነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚጀመረው ፀረ ፈንገስ ሕክምናው ከተጀመረ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በኋላ ነው። ይህ ቆይታ ቸልተኝነት ሳይሆን የሕክምናው አካል መሆኑን ለሕሙሙና ለቤተሰቡ ማስረዳት የጤና ባለሙያው ኃላፊነት ነው።