ቀፎ ጭኖ ረጅም መንገድ፦ ንቦቹን የሚገድላቸው ምንድን ነው?

ቀፎ በመኪና ሲጫን ብዙ ሰው የሚፈራው መነደፍን ነው። ለንቦቹ ግን ዋናው አደጋ ሙቀት ነው። ንቦች እጭ የሚያሳድጉበትን የቀፎ ክፍል 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያቆያሉ፤ ሲሞቃቸው በክንፋቸው ያራግባሉ፣ ውሃም እያመጡ ያቀዘቅዛሉ። መውጫው ተደፍኖ መኪናው ሲንጣቸውስ? ይረበሻሉ፤ የክንፍ ጡንቻቸው ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ሙቀቱ ደግሞ ይብስ ያስበረግጋቸዋል። ሰሙ ይለሰልሳል፣ ማር ያዘለው እንጀራ ይናዳል፣ ንቦቹ በገዛ ማራቸው ይሰጥማሉ።

ስለዚህ መግቢያው የሚዘጋው ሲመሽ፣ ቀሳሚዎቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ ነው፤ ጉዞውም በሌሊት። በጨርቅ ጥርቅም አድርጎ መድፈን ሳይሆን አየር በሚያሳልፍ ወንፊት ሽቦ መሸፈን ነው። ከላይም በክዳኑ ፋንታ ወንፊት ቢሆን በጣም ጥሩ። የደረሰ ማር ካለ አስቀድሞ ይቆረጥ። የዘመናዊ ቀፎ ፍሬሞች በመኪናው ርዝመት አቅጣጫ ይሁኑ፤ አግድም ከሆኑ ፍሬን በተያዘ ቁጥር እየተወዛወዙ ንቦቹን፣ አንዳንዴም ንግሥቲቱን ይጨፈልቃሉ። ሹፌሩም ለቁርስ ብሎ ፀሐይ ላይ አቁሞ እንዳይጠፋ! መኪናው ሲቆም ነፋሱም ይቆማል።

የሚገርመው፣ ከሩቁ ይልቅ የቅርቡ ጉዞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ቀፎው አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ከተወሰደ ብዙዎቹ ቀሳሚዎች የሚያውቁትን ምልክት ተከትለው ወደ ድሮው ቦታ ይመለሳሉ።