ብላክላይት በሰርግ ድንኳን

ጥር ሲገባ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ቅዳሜና እሑድ መንገዱ የሙሽራ ነው። አጃቢው ጥሩምባውን እየነፋ ከመድረሱ ከሰዓታት በፊት ግን አንድ ሚኒባስ ድንኳኑ ደጃፍ ይቆማል። ሞንታርቦ ይወርዳል፣ ሚክሰር ይወርዳል፣ ጥቅል ገመድና ዲቫይደር ይወርዳል። የዲጄው ረዳት ሶኬቱ የት እንዳለ፣ ጄነሬተሩ የት እንደሚቆም ጠይቆ ሲያበቃ በጥንቃቄ የሚያወጣው አንድ ሜትር ከሃያ የሚሆን ጥቁር ቱቦ ነው። ቱቦው ሲሰካ ደብዘዝ ያለ ሐምራዊ ይሆናል እንጂ ድንኳኑን አያበራም። ቀን ያየው ሰው ተበላሽቷል ብሎ ቢያልፈው አይፈረድበትም።

ብላክላይት የሚባለው ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ከናይት ክለብ ቢሆንም ልደት ላይ፣ ምርቃት ላይ፣ መልስና ቅልቅል ላይ ከተንቀሳቃሽ ዲጄ ጋር ይዞራል። እኔ እንደማምነው የኢትዮጵያ ሰርግ ለዚህ መብራት ከየትኛውም ጭፈራ ቤት የበለጠ ይመቻል። መብራቱ በራሱ የሚያሳየው ነገር የለውም፤ የሚያበራው እንግዳው ለብሶት የመጣውን ነው። የእኛ እንግዳ ደግሞ ነጭ ለብሶ ይመጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ከቀይ ጀምሮ ሐምራዊ ላይ ያበቃል። ከሐምራዊው ማዶ ዓይን የማይደርስበት ጨረር መኖሩን ዮሐን ሪተር የተባለ ጀርመናዊ በ1801 እ.ኤ.አ. አሳየ። ሲልቨር ክሎራይድ ብርሃን ሲነካው ይጠቁራል። ሪተር የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ ቢያሳርፍበት፣ ይበልጥ የጠቆረው ከሐምራዊው ቀለም ባሻገር፣ ምንም በማይታይበት ቦታ ያለው ነበር። ይህ አልትራቫዮሌት (ዩቪ) ጨረር በሞገዱ ርዝመት ሦስት ቦታ ይከፈላል። ከ315 እስከ 400 ናኖሜትር ያለው ዩቪ ኤ፣ ከ280 እስከ 315 ያለው ዩቪ ቢ፣ ከ100 እስከ 280 ያለው ዩቪ ሲ ነው። ለጭፈራ የሚሆነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። አደጋው ያለው በሌሎቹ ነውና ወደ እነሱ እመለሳለሁ።

አንዳንድ ኬሚካሎች ይህን የማይታይ ጨረር ይውጡና በሚታይ ብርሃን መልሰው ያወጡታል። ለወባ ይወሰድ የነበረው ኪኒን አንዱ ነው፤ ቶኒክ ውሃ በብላክላይት ሥር ሰማያዊ ሆኖ የሚበራው ኪኒን ስላለበት ነው። በሰርግ ድንኳን ውስጥ ግን ዋናው ባለሙያ ዱቄት ሳሙናው ነው። አምራቾች ነጭ ልብስ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚጨምሩበት ኬሚካል ጨርቁ ላይ ይቀራል። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለውን ዩቪ ወደ ሰማያዊ ይለውጥና በእርጅና የመጣውን ቢጫነት ይሸፍነዋል። ሌላው መብራት ሁሉ ጠፍቶ ብላክላይት ብቻ ሲቀር ያ ሰማያዊ ብርሃን ብቻውን ይወጣል። ነጠላው፣ ሸሚዙ፣ የሙሽራዋ ቬሎ ከነዘርፉ ይፈካል፤ የለበሰው ሰው ፊትና እጅ ግን ጨለማ ውስጥ ይቀራል።

እዚህ ላይ ቀረብ ብሎ ላየ ሰው ልዩነቱ ብዙ ነው። ገና ከሸማኔ የወጣና በዱቄት ሳሙና ያልታጠበ የእጅ ፈትል ነጠላ ደብዛዛ ሆኖ ይቀራል። ደጋግሞ የታጠበው አሮጌው ነጠላ ይበልጠዋል። በገጠር እናቶች ለዘመናት ነጠላ ያነጡበት እንዶድ በዱቄት ሳሙናው ውስጥ ያለው ኬሚካል የለበትም፤ በቀን ምን ቢያነጣ በብላክላይት ሥር እንደ ዱቄት ሳሙናው አያፈካም። ጥበቡ ደግሞ እንደ ክሩ ይለያያል። ደማቅ ሎሚ ቢጫ፣ ደማቅ ብርቱካናማና ሮዝ የሆነው ሰው ሠራሽ ክር ከነጩ በላይ ሊነድ ይችላል፤ ጥቁሩና ጥቁር ሰማያዊው ክር ይጠፋል። በነዚህ ከተሞች ብዙ እንግዳ በኦሮሞ የባህል ልብስ ይመጣል። ነጩ መደብ ሲበራ ጥቁሩ ጥለት ከጨለማው ጋር ይዋሐዳል፤ ቀን ያላስተዋልነው የልብሱ ቅርጽ በአንድ ጊዜ ይወጣል።

ልብስ ብቻ አይደለም። ፊት ላይ የተቀባ ቫዝሊን ሰማያዊ ይሆናል። ጥርስ ይነጣል። እርድ ያለበት አልጫ ነጠላ ላይ ጠብ ብሎ ከሆነ ጠብታው ቢጫ ሆኖ ይታያል። ለጨፋሪ የሚሸለመው ብር ግን አይፈካም፤ የገንዘብ ወረቀት ያለ ነጭ አፍኪ ኬሚካል ስለሚሠራ ወረቀቱ ደብዝዞ፣ በውስጡ ሆን ተብሎ የተሠራው ምልክት ብቻ ይበራል። የባንክ ገንዘብ ያዥ ሐሰተኛ ብር ለመለየት የሚጠቀምበት ትንሽ ሐምራዊ መብራትም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

የቱቦውን ጥቁር ብርጭቆ ያመጣው ሮበርት ዉድ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው፤ በ1903 እ.ኤ.አ.። ኒኬል ኦክሳይድ የገባበት ብርጭቆ የሚታየውን ብርሃን አብዛኛውን አግዶ ዩቪ ኤውን ያሳልፋል። የቆዳ ሐኪሞች ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስሙ የሚጠራውን መብራት ቆረቆርንና ለምጽን ለመመርመር ይዘውታል። (በኢትዮጵያ ሕፃናት ላይ በብዛት የሚገኘው የቆረቆር ፈንገስ ግን በዚህ መብራት ከማይፈኩት ወገን ስለሆነ፣ አለመፍካቱ ብቻውን ከበሽታው ነፃ ነህ አያሰኝም።) ወደ መዝናኛው ያሻገሩት በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ ይኖሩ የነበሩት ወንድማማቾች ቦብና ጆ ስዊትዘር ናቸው። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ቦብ ጭንቅላቱን ተጎድቶ ጨለማ ክፍል ውስጥ እንዲያርፍ ተነግሮት ሳለ፣ ወንድማማቾቹ በአባታቸው መድኃኒት ቤት በብላክላይት የሚፈኩ ነገሮችን እያደኑ ቀለም መሥራት ጀመሩ። ጆ አስማተኛ ስለነበር ቀለሙን መጀመሪያ ያዋሉት ለመድረክ ትርኢት ነበር።

ከሥራው ሁሉ ከባዱ ጨለማውን ማግኘት ነው። ገና የሚጀምር ዲጄ ቱቦ ይጨምራል፤ ልምድ ያለው መብራት ያጠፋል። ፀሐይ እዚህ ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ትጠልቃለች፤ ስለዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት ብላክላይት መሰካት የኤሌክትሪክ ብክነት ነው። ከዚያ በኋላም ጠላቱ ብዙ ነው። የጎረቤት ፓውዛ በነጩ የድንኳን ሸራ አልፎ ይገባል። የዲኮር ሠራተኛው ጣሪያውን በነጭ ሳቲን ሸፍኖት ከሆነ ሳቲኑ ራሱ ይፈካና ድንኳኑን በሰማያዊ ብርሃን ይሞላዋል፤ ያኔ የሰው ልብስ ልዩነቱ ይጠፋል። መፍትሔው ቱቦውን ወደ ጣሪያ ሳይሆን ከሁለት ጎን፣ ከሰው ራስ በላይ ሰቅሎ ወደ መጨፈሪያው ማዘንበል ነው። ርቀትም ይቆጠራል፤ ትንሽ ፓውዛ መሳይ ኤልኢዲ ከሆነ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሰፊ ድንኳን በሙሉ ለማብራት ከመድከም መጨፈሪያውን ብቻ መያዝ ይሻላል።

ከቪዲዮ ቀራጩ ጋር መነጋገርም ግድ ነው። ካሜራው ላይ የተሰካው ነጭ መብራት አንዴ ሲበራ የብላክላይቱ ሥራ ሁሉ ይጠፋል። ጠብ ሳይፈጠር ማታውን የሚያድነው አስቀድሞ መስማማት ነው፤ «ሃይሎጋ ሲጀመር ሦስት ዘፈን ያህል መብራትህን አጥፋልኝ፣ ከዚያ በኋላ እንደፈለግህ» ማለት ይበቃል። ቀራጩም ከጨለማው ጋር የሚስማማ ሌንስ ካለው ለሙሽሮቹ ሌላ የማያገኙት ምስል ይቀርላቸዋል።

መብራቱ ራሱ ሦስት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ጥቁሩ የፍሎረሰንት ቱቦ ነው፤ 36 ዋት ይበላል፣ ብርሃኑን በሰፊው ይበትናል፣ ጨረሩ 370 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ባላስቱና ስታርተሩ ከማንኛውም ፍሎረሰንት አይለይም። ቮልቴጅ ሲወርድ ግን ብልጭ ድርግም ይላል እንጂ አይነሳም። ሁለተኛው 400 ዋት የሚሆነው የሜርኩሪ ፓውዛ ነው። ትልቅ አዳራሽ ይሞላል፤ ሆኖም ለመሞቅ ደቂቃዎች ይፈልጋል፤ መብራት ብልጭ ብሎ ቢመለስ እንኳ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ ተመልሶ አይነሳም። መብራት በሚሄድበትና በሚመጣበት ሰፈር ሃይሎጋው መሐል ላይ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ማመን ይከብዳል። ሦስተኛው ኤልኢዲ ነው፤ ጥቂት ዋት ይበቃዋል፣ ወዲያው ይበራል፣ በአነስተኛ ጄነሬተር ይሠራል። ርካሹ ኤልኢዲ በ395 እና በ405 ናኖሜትር መካከል ስለሚሆን ዓይን የሚያየው ሐምራዊ ይበዛበትና ድንኳኑን ሐምራዊ ያደርገዋል። 365 የተጻፈበት ይወደዳል፤ ልብሱ ከጨለማ ውስጥ ተነጥሎ የሚወጣው ግን በሱ ነው። በጎጃም መንገድ ወደ ሱሉልታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ ዕቃ ጭኖ ለሚመላለስ ሰው እኔ የምመርጥለት 365ቱን ነው።

አሁን ወደ አደጋው። ከጥቁር ቱቦ የሚወጣው ዩቪ ኤ ለአንድ ምሽት ጭፈራ የሚያስፈራ አይደለም፤ ፀሐይ የምትሰጠው ይበልጣል፤ ጨረሯም በየ1000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል እየጨመረ ስለሚሄድ ሱሉልታን በመሰለ ደጋ ላይ ቀን መዋል የበለጠ ያስጠነቅቃል። ቢሆንም ወደ ኤልኢዲው ትክ ብሎ ማየት ልክ አይደለም። ብርሃኑ ደብዛዛ ስለሚመስል የዓይን ብሌን አይጠብም፤ የዓይን ሌንስ ራሱ ስለሚፈካ ፊት ለፊት ጉም የገባ ይመስላል። የሕፃናት ሌንስ ከአዋቂ ሌንስ የበለጠ ጨረር ያሳልፋል፤ ልደት ላይ መብራቱን ልጆቹ በማይደርሱበት ከፍታ መስቀል ለዚህ ነው።

ከባዱ ጥፋት የሚመጣው ሌላ ቱቦ ሲገዛ ነው። ጀርም የሚገድለው 254 ናኖሜትሩ ዩቪ ሲ ውሃ ለማከም ያገለግላል፤ ከኮሮና ወዲህ ደግሞ ክፍል ማጽጃ ተብሎ በየገበያው በዝቷል። እሱም ሲበራ ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ነው፣ ሳጥኑ ላይም ዩቪ የሚል ይጻፍበታል። በ2017 እ.ኤ.አ. በሆንግ ኮንግ አንድ ድግስ ላይ ይኸው ዓይነት ቱቦ ለጌጥ ተሰቅሎ እንግዶች ዓይናቸውና ቆዳቸው ተቃጠለ። በ2023 እ.ኤ.አ. በዚያችው ከተማ በሌላ ድግስ ከዩቪ መብራት የተነሳ ሰዎች እንደገና በዓይን ሕመም ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ጉዳቱ ወዲያው አይታወቅም። ከሰዓታት በኋላ፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ከተኛ ወዲያ፣ ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ያማል፣ ያስለቅሳል፣ ብርሃን ያስጠላል። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሽራል፤ ግን የሙሽራ እናት ለእንግዶቿ የምትመኘው ማለዳ ይህ አይደለም። መለያው ቀላል ነው፤ የጭፈራው ቱቦ ብርጭቆው ጥቁር ነው፣ የጀርም መግደያው ብርጭቆ ጥርት ያለ ነው። ብርጭቆው ጥርት ብሎ፣ ላዩ ላይ 254 ወይም ዩቪ ሲ የሚል ካለ ወደ ድንኳን አይገባም።

ሌላም ክብር የሚነካ ነገር አለ፤ ስለሱ የሚያወራ ሰው ብዙ አልሰማሁም። ይህ መብራት ሰው ሊሸፍነው የሚፈልገውን ያወጣል። ለምጽ ያለበት ቆዳ ነጥሮ ይታያል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ከተፈጥሮው ጥርስ መካከል ጠቁሮ የሚታይበት ጊዜ አለ። ስለዚህ መብራቱን በመጨፈሪያው ላይ ብቻ ማድረግ፣ የሽማግሌዎቹንና የቤተሰቡን መቀመጫ በተለመደው ብርሃን መተው ተገቢ ነው። የፈለገ ይገባበታል፣ ያልፈለገ ዳር ይቀመጣል። ፊት ላይ የሚቀባ ቀለምም ለቆዳ ተብሎ የተሠራ ይሁን፤ የወረቀት ማርከር ቀለም ለወረቀት ነው።

መብራት ሁሉ ሲጠፋ መሬት ላይ የተዘረጋው ገመድ፣ የመድረኩ ደረጃና የድንኳኑ ካስማ አብረው ይጠፋሉ። ጥቂት ሜትር ደማቅ ቢጫ ፕላስተር በየደረጃው ጠርዝና በየገመዱ ላይ ቀን ሳለ ይለጠፍ፤ ብላክላይቱ ሲሰካ እሱም ከነጠላው ጋር ይበራና ሙሽራዋ ቬሎዋን ይዛ የምትወርድበትን ደረጃ ታያለች።